ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ

«ሩቅ አሳቢ፣ ቅርብ አዳሪ» ይላል ያገራችን ሰው፣ አሳቡ ከአቅሙ ቀድሞ የነጎደበትን ሰው ሲተርብ። ተረቱ የተተረበውን ሰው ከማሳቀቁም በላይ አንድ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ በውስጡ ይዟል። ለመሆኑ ይፈጸም አይፈጸም እርግጠኛ ያልሆነን ነገር በዝርዝር ማቀድ ራስን መደለል ነው ወይስ ራስን ማነጽ? ወደማይሄድበት አገር ስንቅ ሲሰንቅ የኖረ ሰው ዕድሜውን አባከነው ይባላል ወይስ አከበረው?

ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም፤ ያገኘሁት ከአንድ አሮጌ መኪና ነው። አብሮ አደጌ የሆነ አንድ መካኒክ ከሰባት ዓመት በፊት በሐራጅ የተሸጠ ላንድክሩዘር ገዛ። ሰውነቱ ዝጎ፣ ወንበሮቹ ተቦጫጭቀው፣ ባሌስትራው ተልፈስፍሶ ነበር፤ ሞተሩ ግን ጤነኛ ነበር። ጓደኛዬ ኮፈኑን ከፍቶ እንደ ሐኪም ሲያዳምጠው ከቆየ በኋላ፣ «ይህ መኪና ኬፕ ታውን ይደርሳል» አለ። እንደ ቀልድ የተነገረ ነበር። እኔ ግን ግጥምና ተውኔት በመጻፍ የምተዳደር ሰው በመሆኔ በቀልድ የተነገረን ነገር በዋዛ ማለፍ አይሆንልኝም። በማግሥቱ አንድ ባለ መቶ ገጽ ደብተር ገዝቼ በሽፋኑ ላይ «ከአዲስ አበባ እስከ ኬፕ ታውን» ብዬ ጻፍሁበት።

እነሆ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በጋራዡ እንገናኛለን። እርሱ ከመኪናው ሥር ይተኛል፤ እኔ በባዶ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ ደብተሩን እሞላለሁ። በግድግዳው ላይ የለጠፍነው ካርታ ሚሽሊን የተባለው የፈረንሳይ የጎማ ፋብሪካ የሚያሳትመው ነው፤ አንዱ ሴንቲ ሜትር 40 ኪሎ ሜትርን ይወክላል። የሰሜን ምሥራቁን የአፍሪካ ክፍል ከደቡቡ ጋር አጋጥመን ከለጠፍን በኋላ መንገዱን በክር ለካነው። ጉዞው እኛ በመረጥነው አቅጣጫ ወደ 7,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን ክሩ አንድ ሜትር ከሰባ አምስት ያህል ወጣ። ጓደኛዬ ክሩን ከራሴ እስከ እግሬ ዘርግቶ፣ «ያንተው ቁመት ነው» አለኝ።

መንገዱ ከሻሸመኔና ከዲላ በኋላ የቦረናን ሜዳ ይዞ ሞያሌ ይወርዳል። እዚያ አሽከርካሪው ከቀኝ ጠርዝ ወደ ግራ ጠርዝ ይሻገራል፤ ከኬንያ ጀምሮ እስከ ጉዞው ፍጻሜ ባሉት ስድስት አገሮች ሁሉ መኪና የሚነዳው በግራ ነውና። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ያለው ወደ 500 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጎዳና ድሮ ኮረኮንች ነበር፤ ሽፍታ ስለሚፈራም መኪኖች በአጀብ ነበር የሚጓዙበት። ዛሬ አስፋልት ነው። ከዚያ ናይሮቢ፤ በናማንጋ በኩል አሩሻ፣ ዶዶማ፣ ኢሪንጋ፣ ምቤያ፤ ወደ ማላዊ ወርዶ ካሮንጋ፣ ምዙዙ፣ ሊሎንግዌ፣ ብላንታየር፤ በሞዛምቢክ ቴቴ ላይ የዛምቤዚን ወንዝ ተሻግሮ ሐራሬ፤ በቤይትብሪጅ ሊምፖፖን አልፎ ጆሐንስበርግ፤ በመጨረሻም 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የአትላንቲክ ውቅያኖስ። እነዚህን ስሞች ደጋግሜ ጮክ ብዬ ሳነብባቸው ቤት ባይመቱም ዜማ አላቸው።

ደብተሩ ግን ግጥም አይደለም። ሞተሩ በ100 ኪሎ ሜትር 13 ሊትር ያህል ናፍጣ ስለሚጠጣ ለመሄጃው ብቻ ወደ 900 ሊትር ያስፈልጋል። በቀን 200 ኪሎ ሜትር ቢነዳ 35 ቀን ይሆናል። ሁለት ትርፍ ጎማ፣ ክሪክ፣ ቺንጋ፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ አንድ ሙሉ ፍሪሲዮን፣ ለፖርቶ መጋላው ሸራ፣ በመኪናው ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፍሪጅ። ከዚህ ቀጥሎ ወረቀቱ ይመጣል፤ ወረቀቱ ከብረቱ ይከብዳል። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ ሊብሬ፣ ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ። ከዚህም ሌላ ሁለት ቢጫ ወረቀቶች አሉ፤ አንዱ የቢጫ ወባ ክትባት መታወቂያ፣ ሌላው ኮሜሳ ለመኪና የሚሰጠው የሦስተኛ ወገን መድን ነው፤ ጓደኛዬ ሁለቱን ሁልጊዜ ያምታታቸዋል። በተጨማሪም ካርኔ የሚባል ሰነድ አለ። ይህ ሰነድ መኪናው ቀረጥ ሳይከፈልበት ወደ አንድ አገር ገብቶ፣ ሳይሸጥ ተመልሶ እንደሚወጣ የባለመኪናዎች ማኅበር ዋስ የሚሆንበት ነው። አንባቢ ይህን ካርኔ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁና።

ተረቱን የተረተችብኝ ባለቤቴ ናት። አራተኛውን ደብተር ስጀምር አይታ፣ እስካሁን ከሞጆ አልፈን እንደማናውቅ በትሕትና አስታወሰችኝ። ነገሩ እውነት ነው። መኪናው አንድ ጊዜ ሞጆ ደርሶ ተመልሷል፤ ያውም ሲመለስ ተጎትቶ ነው።

ለመከላከያዬ በመጀመሪያ የጠራሁት አርስቶትልን ነበር። የጥንቱ ፈላስፋ ምኞትንና ምክክርን ይለያያቸዋል። ሰው የማይቻለውን ነገር፣ ለምሳሌ አለመሞትን፣ ሊመኝ ይችላል፤ አውጥቶ አውርዶ የሚመክረው ግን በእጁ ስላለ፣ በራሱ ድርጊት ሊሆን ስለሚችል ነገር ብቻ ነው። እንግዲህ የናፍጣውን ሊትር የሚቆጥር ሰው ከተመኚዎች ወገን አይደለም። ውጥን ምኞት ለገሐዱ ዓለም የሚከፍለው የመጀመሪያው ግብር ነው። ተመኚ ባሕሩን ያያል፤ ወጣኝ ግን ከባሕሩ በፊት ያለውን ኬላ፣ ከኬላው በፊት ያለውን የፍሬን ሸራ ማየት ይገደዳል። በዚህ ረገድ ሲታይ ውጥን ትሕትናን ያስተምራል ብል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው መከላከያዬ ከሙያዬ የመነጨ ነው። በመሳቢያዬ ውስጥ መድረክ ያልረገጡ ሦስት ተውኔቶች አሉ። ከእነርሱ አንደኛውን ለአራት ወር ያህል ከተዋንያን ጋር ከተለማመድነው በኋላ ሳይታይ ቀርቷል። ተውኔት ካልታየ ተውኔት አይደለም የሚሉ ሰዎች አሉ። ነገር ግን በልምምድ ጊዜ ተዋናዩ በሌለ በር ሲገባ፣ በሌለ ብርጭቆ ሲጠጣ፣ ካልመጣ ተመልካች ዕንባ ሲጠብቅ ያየ ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ ምንም አልተፈጠረም ለማለት አይደፍርም። እኛም እሑድ እሑድ ስንለማመድ የቆየነው አንድ ጉዞ ነው፤ መጋረጃው ባይከፈትም ልምምዱ ለውጦናል እል ነበር። ጓደኛዬ ስዋሂሊ ጀምሯል። እኔ የስድስት አገሮችን ታሪክ አንብቤአለሁ።

ሦስተኛው ካንት ነው። አማኑኤል ካንት ከተወለደበት ከኮኒግስበርግ አካባቢ ርቆ ሳይሄድ ኖሮ ሳይሄድ ሞቷል፤ ሆኖም ለአርባ ዓመት ያህል የምድርን ጂኦግራፊ አስተምሯል። በለንደን ያለውን የዌስትሚንስተር ድልድይ አንድ ቀን አብጠርጥሮ ሲገልጸው የሰማ እንግሊዛዊ፣ እዚያ ስንት ዓመት እንደኖረ ጠየቀው ይባላል። ቅርብ አዳሪ ቢባል ከእርሱ የበለጠ ቅርብ አዳሪ አይገኝም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1795 ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው ድርሳን ውስጥ የእንግዳን መብት ለዓለም ሕግ መሠረት ካደረጉት ሰዎች አንዱ ይኸው ከቤቱ ያልወጣ ሰው ነው። አሳቡ በአጭሩ ሲነገር፣ ምድር ክብ ናት፤ ስለሆነም ሰዎች ያለ ገደብ ተራርቀው ሊኖሩ አይችሉም፤ የግድ ይገናኛሉ፤ ከመጀመሪያውም ማንም ሰው በአንድ የምድር ቦታ ላይ ለመገኘት ከሌላው የበለጠ መብት አልነበረውም፤ ስለዚህ ወደ ሌላው አገር የመጣ እንግዳ በመምጣቱ ብቻ እንደ ጠላት ሊታይ አይገባውም፣ የሚል ነው። ይህን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ቅርብ ማደር ሩቅ ማሰብን እንዳልከለከለ ማስረጃ አገኘሁ።

እርግጥ የእኛን ጎዳና ከእኛ በፊት ያለሙት ሁሉ የካንትን እንግዳ አልመሰሉም። ሲሲል ሮድስ በ1894 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ ከኬፕ እስከ ካይሮ የእንግሊዝን ግዛት የሚያያይዝ የባቡር ሐዲድ ያልም ነበር። በእርሱ ካርታ ላይ ሕዝቦች አልነበሩም፤ ርቀት ብቻ ነበር። ከእርሱ በኋላ ኮርት ትሪት የተባሉ ባልና ሚስት ከጓደኞቻቸው ጋር በሁለት የክሮስሊ ካሚዮኖች ከመስከረም 1917 እስከ ጥር 1918 ዓ.ም. ድረስ አሥራ ስድስት ወር ተጉዘው ከኬፕ ታውን ካይሮ ገብተዋል። ጉዞው በመኪና ተደረገ ይባላል፤ ነገር ግን መኪኖቹን ከጭቃው እየጎተቱ ያወጡት በሬዎችና የየአገሩ ሰዎች ነበሩ። የባልና ሚስቱ ስም በታሪክ ሲመዘገብ የጎታቾቹ አልተመዘገበም።

ከዚህ የተለየው ውጥን የተጠነሰሰው እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ መናኸሪያው በሆነው፣ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ በተከፈተውና የሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ባለ 150 ካሬ ሜትር የመስተዋት ሥዕል ባለበት በአፍሪካ አዳራሽ ተቀምጦ፣ በ1960ዎቹ ዓመታት አህጉሩን የሚያገናኙ ዘጠኝ አውራ ጎዳናዎችን ነደፈ። አራተኛው ከካይሮ ተነሥቶ በኢትዮጵያ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው ነው። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ሥር ስለነበረች ጎዳናው ጋቦሮኔ ላይ እንዲቆም ሆነ፤ ወደ ኬፕ ታውን የተቀጠለው በኋላ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ምቤያ ድረስ እኛ በክር የለካነው መንገድ ይኸው ነው። በዚያ አዳራሽ ደጃፍ ባለፍሁ ቁጥር የደብተሬ ታላቅ ወንድም እዚያ ውስጥ እንደሚኖር ይሰማኝ ነበር።

እስከዚህ ያለውን አሳብ ይዤ በሰላም እኖር ነበር። አሳቤን ያወከው ከሆሳዕና የመጡ አንዲት እናት ናቸው።

አሥር ዓመት ያልፈዋል፤ በሆሳዕና ለሁለት ዓመት መምህር ነበርሁ። በዚያን ጊዜ ለተማሪዎቼ በጻፍሁት አንድ አጭር ተውኔት የዘበኛ ሚና የተሰጠው ልጅ ነበር። አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ይናገራል፤ እርሷንም በዕለቱ ረሳት። መድረኩ ላይ ዝም ብሎ ሲቆም ሕዝቡ የዘበኛው ዝምታ የተውኔቱ አካል መስሎት አጨበጨበለት። ልጁን በዚህ ነው የማስታውሰው። ከሐድያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ እንደሚሄዱ የታወቀ ነው፤ በሆሳዕና ዙሪያ ከዚያ በተላከ ገንዘብ የተሠሩ ቤቶችን ያየ ሁሉ ምክንያቱን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልገውም። ይህም ልጅ በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ሄደ።

እናቱ ባለፈው ዓመት አንድ ቅል ቅቤ ይዘው፣ ታናሽ ልጃቸውን አስከትለው ወደ ጋራዡ መጡ። መንገዱን ሁሉ ጽፌ እንደያዝሁ ሌላ የቀድሞ ተማሪዬ ነግሯቸው ኖሯል። አማርኛቸው የተወሰነ ስለነበር ሴት ልጃቸው ታስተረጉም ነበር።

«መምህር፣ መንገዱን ያውቁታል አሉ» አሉኝ። «ካሮንጋ የሚባለው አገር የቱ ጋ ነው?»

ልጁ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው በመስከረም 2015 ዓ.ም. ከካሮንጋ ነበር። ከካርታው ፊት አቆምኋቸውና በማላዊ ሐይቅ ጫፍ ያለችውን ነጥብ አሳየኋቸው። በነጥቧ ዙሪያ በአረንጓዴ እርሳስ ክብ ተሠርቶባታል። የሠራሁት እኔ ነኝ። አረንጓዴ ክብ በእኛ ምልክት አሰጣጥ «ጥሩ ማደሪያ» ማለት ነው፤ በደብተሬም ውስጥ ስለ ካሮንጋ የተጻፈው «ሁለት ሌሊት፤ ከሐይቁ ዳር ድንኳን መትከል፤ ዓሣ» የሚል ነው።

«ይህች ክብ ምንድን ናት?» አሉ።

«መኝታ ማለት ነው፣ እማማ።»

ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥለውም፣ «ራዲዮ የተናገረው ጫካስ የቱ ጋ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

የፈራሁት ጥያቄ ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ማላዊ፣ በምዚምባ አውራጃ፣ ከ25 ያላነሱ ኢትዮጵያውያን ሳይሆኑ አይቀሩም የተባሉ ሰዎች በአንድ ላይ የተቀበሩበት ቦታ ተገኝቶ ነበር። በካርታዬ ላይ ከካሮንጋ እስከ ምዚምባ አራት ጣት ነው። በዚያች ቅጽበት ካርታው ትንሽ መሆኑን እንደ ሰበብ ለማቅረብ ቃጥቶኝ እንደነበር አልደብቅም። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ ያህል ዕድሜ ያላቸው እናት ከሆሳዕና አዲስ አበባ ድረስ የመጡት ለመዋሸት አልነበረም። ጣቴን አኖርሁበት። እርሳቸውም የራሳቸውን ጣት ከጣቴ አጠገብ አኖሩ።

ከዚያ በኋላ ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው አንድ የተማሪ ደብተር አወጡ። ልጁ ከመሄዱ በፊት የጻፈው ነው። ከፈትሁት። ሞያሌ፣ ናይሮቢ፣ አሩሻ፣ ምቤያ፣ ካሮንጋ፣ ሊሎንግዌ፣ ቴቴ፣ ጆበርግ። በአንዳንዱ ስም አጠገብ የስልክ ቁጥር፣ በአንዳንዱ አጠገብ የገንዘብ መጠን ተጽፏል። ከሥሩም ዝርዝር አለ፦ ሱሪ 2፣ ጫማ 1፣ በሶ 3 ኪሎ። የተማሪዬን የእጅ ጽሕፈት ዐወቅሁት። ዝርዝሩንም ዐወቅሁት፤ የእኔው ዝርዝር ነበር። ከከተማ እስከ ከተማ ቅደም ተከተሉ ሳይቀር አንድ ነበር።

እንግዲህ ሁለት ደብተሮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ለስደተኛ ስናዝን ብዙውን ጊዜ የምንሠራው አንድ ስሕተት አለ፤ እንደ ጎርፍ እንደወሰደው ግንድ እንቆጥረዋለን። ልጁ ግን ግንድ አልነበረም። አርስቶትል እንደሚለው በእጁ ስላለው ነገር አውጥቶ አውርዶ መክሯል፣ ዋጋ ጠይቋል፣ ስንቁን መዝኗል። በወጣኝነት ከእኔ ይበልጣል፤ እኔ ሰባት ዓመት የወሰደብኝን እርሱ በጥቂት ወር ጨርሶ ተነሥቷልና። ታዲያ የእኔ ደብተር «ጉዞ»፣ የእርሱ ደብተር «ወንጀል» የተባለው በምን ልዩነት ነው? በፍላጎት አይደለም። በድፍረትም፣ በጥንቃቄም አይደለም። ልዩነቱ ያለው እኔ «ወረቀት» ብዬ በጻፍሁት ዓምድ ውስጥ ነው። በእርሱ ደብተር ውስጥ ያ ዓምድ የለም፤ በቦታው የደላሎች ስልክ ቁጥር አለ።

አሁን ወደ ካርኔው ልመለስ። ካርኔ ለመኪና የሚጻፍ ነው። «ይህ ብረት በዚህ በር ይገባል፤ በዚያ በር ይወጣል፤ ባይወጣ እኔ እጠየቃለሁ» የሚል ማኅበር አለ ማለት ነው። ለአሮጌው ላንድክሩዘር ዋስ የሚሆን ይገኛል። ለዚያ ልጅ ገባ፣ ወጣ፣ ጠፋ ብሎ የሚጠየቅ ግን ከእናቱ በቀር አልተገኘም።

በ2010 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት ሁለት ሰነዶችን አጽድቀው ነበር። በጥር አዲስ አበባ ላይ ሰዎች በአህጉሩ ውስጥ በነጻ እንዲዘዋወሩ የሚያስችለው ፕሮቶኮል ጸደቀ፤ በመጋቢት ደግሞ ኪጋሊ ላይ ዕቃዎች በነጻ እንዲዘዋወሩ የሚያስችለው የነጻ ንግድ ቀጣና ስምምነት ተፈረመ። የዕቃው ስምምነት በግንቦት 2011 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። የሰዎቹ ግን በሥራ ለመዋል የሚያስፈልጉትን 15 አገሮች ሲጠባበቅ ዓመታት አለፉ። ይህን ስጽፍ የንግድን ጥቅም ለመንቀፍ አይደለም፤ የቅደም ተከተሉን ትርጉም ለማሳየት ነው። በር ለዕቃ ቀድሞ ሲከፈት፣ ማለፍ የቸገረው ሰው ራሱን ዕቃ ያደርጋል። ይህ ዘይቤ አይደለም። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. ከማላዊ ተነሥቶ ወደ ሞዛምቢክ የገባ አንድ የጭነት መኪና በቴቴ ክፍለ ሀገር ሲፈተሽ በታሸገው ኮንቴይነሩ ውስጥ 78 ሰዎች ተገኙ። 64ቱ በአየር እጦት ሞተው ነበር። ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከዚያ በፊት በሰኔ 2004 ዓ.ም. በታንዛኒያ፣ በዶዶማ አካባቢ፣ ከ40 በላይ የሚሆኑ በተመሳሳይ ሁኔታ ሞተዋል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የ27 ሰዎች አስከሬን በሉሳካ ዳርቻ ተጥሎ ተገኝቷል። ዶዶማ፣ ምዚምባ፣ ቴቴ፦ በደብተሬ ውስጥ ስማቸው ዜማ አለው ያልኋቸው መንገዶች ናቸው።

በዚህ ጉዳይ ካንትም ሙሉ መልስ አይሰጠኝም። ካንት የሚሰጠው የመጎብኘትን መብት ነው፤ ለመኖር የመጣ ሰው የተለየ ስምምነት ያስፈልገዋል ይላል። ልጁ ደግሞ ሊጎበኝ አልሄደም፤ ሊሠራ ነው የሄደው። ተቀባዩም አገር ቢሆን ሥራ ያጣ የራሱ ድኻ አለው፤ በግንቦት 2000 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ ከተሞች በመጤዎች ላይ በደረሰው ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች ሲገደሉ ድኻ ድኻን እንዴት እንደሚያሳድድ ታይቷል። ስለሆነም «ኬላ ሁሉ ይፍረስ» ብሎ መፈክር ማሰማት ለደራሲ ቀላል ነው፤ ለኬላ ጠባቂውም ለስደተኛውም ግን የሚፈይደው የለም። እኔ የምጠይቀው ከዚህ ያነሰ ነው። አንድ ሰው ቢጠፋ የት እንደጠፋ የሚጠየቅ አካል ይኑር ነው የምለው፤ ቢያንስ ለመኪናው ያህል።

እናትየዋ ከሄዱ በኋላ ለሦስት እሑድ ወደ ጋራዡ አልሄድሁም። ጉዞውን የመተው አሳብ ነበረኝ። ወገን በሞተበት መንገድ ላይ ድንኳን ተክሎ ዓሣ መጥበስ እንደ ነውር ታየኝ። በአራተኛው እሑድ ጓደኛዬ ቤቴ ድረስ መጣ። እርሱ ፍልስፍና አልተማረም፤ ክርክሩ ግን ጠንካራ ነበር።

«እኛ ስለቀረን ማን ይድናል?» አለኝ።

«ማንም አይድንም» አልሁት።

«ታዲያ መቅረትህ ለማን ነው?»

መልስ አጣሁ። በእርግጥም መቅረቴ ለራሴ ነበር፤ ኅሊናዬ ንጹሕ ሆኖ እንዲተኛ ነበር። ኀዘንም አንዳንድ ጊዜ የቱሪስት ጠባይ አለው፤ አይቶ፣ ተሰምቶት፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ይመለሳል። ከዚያም በላይ ጉዞውን ብሰርዝ ልጁ የተነፈገውን ነገር እኔም በፈቃዴ ጣልሁት ማለት ነው እንጂ ለእርሱ መለስሁለት ማለት አይደለም። ስሕተቱ ሩቅ በማሰቤ አልነበረም። ሰባት ዓመት ሙሉ ስለማመድ በመድረኩ ላይ ሌላ ተዋናይ መኖሩን አለማየቴ ነበር። በደብተሬ ውስጥ ወንዝ አለ፣ ድልድይ አለ፣ ናፍጣ ማደያ አለ፤ ሰው የለም። በዚህ ረገድ ሮድስን ስነቅፍ የኖርሁት በከንቱ ነው፤ የእኔም ካርታ ርቀት ብቻ ነበር።

ባለቤቴ፣ ያች ተረተኛ፣ ንግግራችንን ከጓዳ ሆና ስትሰማ ቆይታ ወጣችና አንድ ነገር ጠየቀች። «መኪናው ስንት ሰው ይይዛል?» አለች።

መኪናው ከፊት ሁለት ሰው ይይዛል። ከኋላ ያለው ቦታ ለፍሪጁ፣ ለውኃው በርሜልና ለመኝታው የተመደበ ነበር።

በተከታዩ እሑድ ጓደኛዬ ፍሪጁን አወረደው። በቦታው ከአንድ የተገጨ ሚኒባስ ያገኘውን ወንበር በብሎን አሠረ፤ ቀበቶም ገጠመለት። በካርታው ላይ የነበረችውን አረንጓዴ ክብ በላጲስ ላጠፋት ብሞክር ወረቀቱ ሊቀደድ ሆነብኝ፤ ስለዚህ እንዳለች ትታያለች። በደብተሩ ላይ ግን በካሮንጋና በምዚምባ አንጻር የተጻፈው ተለውጧል። አሁን የሚገኘው የፖሊስ ጣቢያዎች፣ የሆስፒታሎችና የእሥር ቤቶች ዝርዝር ነው፤ ልጁ በወህኒ ይገኝ እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቁ መቅረት አይገባምና። የመንገዱም መጨረሻ ለጊዜው ኬፕ ታውን አይደለም። ክሩን ከካርታው ላይ ቆርጠነዋል፤ የቀረው ከወገቤ በታች አይወርድም።

እማማ ለፓስፖርት የሚሆን ፎቶግራፍ ተነሥተዋል። የልደት ማስረጃ የላቸውም፤ የተወለዱበትን ዓመት የሚያስታውሱት በአንድ የረኃብ ዘመን ነው፤ ይህም በቅጹ ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ቀበሌው፣ ከቀበሌው ወረዳው እያለ ጉዳዩ እየሄደ ነው። ባለፈው ሳምንት በልጃቸው ስልክ ደውለው በሶው ስንት ኪሎ ይሁን ብለው ጠየቁኝ። ለሦስት ሰው፣ ለመሄጃና ለመመለሻ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ይበቃል አልኋቸው።

«ለአራት ሰው አድርጌ አስፈጫለሁ» አሉኝ።